አውራው የተከሰሰበት ክረምት

ሰኞ፣ ጁላይ 12፣ 2021

ሙሽሪት ዛሬ ጠዋት ጮኸች። እንደ አውራ።

መጀመሪያ የጎረቤት ቴሌቪዥን መስሎኝ ነበር። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ጓሮ ስወጣ አምስቱ ቄቦች ቆጡ ላይ ተደርድረው ያዩዋታል። እሷ የውሃው ባልዲ አፍ ላይ ቆማ ደረቷን ነፍታለች። ተያየን። ከዚያ አንገቷን መዘዘችና ደገመችው። አጥንት የተሰነቀረበት ሰው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ያም ሆኖ መጮህ ነው፣ ሌላ ስም አይወጣለትም።

ግርማቸው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ባሌ ሪከንባከር ዌርሃውስ የሌሊት ሺፍት ነው፤ እኛ ስንነሳ እሱ ይተኛል።

"ግርሜ፣ ሙሽሪት እንደ አውራ ጮኸች" አልኩት።

"አውራ ከሆነ ምን ይበል ታዲያ" አለኝ ጫማውን እያወለቀ።

"ሴት ናት። ጉንፋን ይሆናል።"

"እንግዲያው ነጭ ሽንኩርት ስጫት" ብሎ ገብቶ ተኛ።

ከትፌ ከመኖዋ ጋር ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 14

ስድስት ጊዜ። ነጭ ሽንኩርቱ ጉሮሮዋን ጠረገላት እንጂ ሌላ ጥቅም አላመጣም። ልጄን ናርዲን ላድርስ፣ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 17

ይህን ደብተር ልጄ ናርዲ ናት ለማዘርስ ዴይ የገዛችልኝ። "ማሚ፣ ለእኔ የማትነግሪኝን ለእሱ ንገሪው" አለችኝ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ምን ብዬ ልጽፍ አልኳት። እሷ እንደሆነች ኮሌጅ ገብታ ሥጋ አልበላም ካለች ወዲህ ሁሉንም ነገር መናገር ጥሩ ነው ትላለች። ይኸው አሁን የምጽፈው መጣ።

ከጥር ወዲህ ቤት ነኝ። ስድስት ዓመት የተንከባከብኳቸው አሮጊት አርፈው በሳምንቱ ኤጀንሲው ሌላ ሰው ሊሰጠኝ ደወለ፤ አላነሳሁም። ከዚያም ደወለ፤ አላነሳሁም። እስከ ፋሲካ ድረስ ከአልጋ የምወርደው ቀትር ሲሆን ነበር። ያስነሱኝ ጫጩቶቹ ናቸው። ጫጩት ስታዝኚ አይቶ ትንሽ ተኚ አይልም፣ ይራበዋል። ሌላውን መጻፍ አልፈልግም።

ስድስቱን የሰጠችኝ የቸርቻችን ሮማነወርቅ ናት። ከአሚሽ ገበሬ እንቁላል ገዝታ ቤዝመንቷ ውስጥ በማሽን ትፈለፍላለች። "ሁሉም ሴት ናቸው" ብላ ነው የሰጠችኝ። "እንቁላሉ ክብ ከሆነ ሴት፣ ሹል ከሆነ ወንድ ነው። እናቴ አርባ ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳተችም።" በጣም ቆንጆዋን፣ ነጭ ሆና አንገቷ ላይ ወርቅ የመሰለ ላባ ያላትን፣ ሙሽሪት አልናት። እኔም አምኜ ከከተማው ፐርሚት አወጣሁ። ሴት ዶሮ ይቻላል፣ አውራ አይቻልም ይላል፤ በወፍራም ቀለም ነው የጻፉት።

ዛሬ የሙሽሪትን ቪዲዮ "የኮሎምበስ ዶሮ ወዳጆች" የሚባለው ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። ያለወትሮው አስራ አንዳችንም አየነው። ሌላ ጊዜ ዶሮ ስለሚበላው ራኩንና ስለ እንቁላል ቅርፊት ስናወራ ሁለት ሰው ነው የሚመልሰው። መጀመሪያ የጻፉት የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ተፈሪ ናቸው። ሦስት ዶሮ አላቸው፣ ሦስቱም እንቁላል ከመጣል ጡረታ ወጥተዋል።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ እንዳልል ጴንጤ ነሽ። ወንድ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ።

ሮማነወርቅ እዚያ ላይ ምንም ሳትጽፍ ወዲያው ደወለች።

"ላቄ፣ ምን አድርገሻት ነው?"

"ምን አደርጋታለሁ? ወንድ ሆነች።"

"እኔ ስሰጥሽ ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ምን እንዳበላሻት የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ከሷ ጋር መከራከር በበጋ መንገድ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ሙሽሪት ወንድ ነው። ስሙ ግን ለምዶብን አልቀየርነውም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 3

ሲጮህ ቆንጆ ሆኗል፣ እውነት ለመናገር። መጨረሻዋን ያዝ አድርጎ ይለቃታል።

ግርማቸው ግን እንቅልፍ የለውም። ቀን ነው የሚተኛው፣ ሙሽሪት ደግሞ ቀን ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጆሮው ላይ ትራስ ጫነ። ቀጥሎ ናርዲ የጆሮ መድፈኛ ገዛችለት። ትናንት ድራይቭዌይ ላይ መኪናው ውስጥ ኤሲ ከፍቶ ተኝቶ አገኘሁት። ሙሽሪት አጥሩ ላይ ወጥቶ በመስኮት ያየዋል።

"ላቀች፣ ይህ ነገር እስከ መቼ ነው?" አለኝ።

"ምን ላድርገው? ፍጡር ነው።"

"እኔስ?"

እሱ ሲናደድ ሙሉ ስሜን ይጠራል። እንደማዝንለት እንዲያውቅ ምስር ሠራሁለት። የአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን ሚስ ዋንዳ ግን ስላለችኝ ነገር አስባለሁ። እሑድ ዕለት እንቁላል ሳቀብላት "ያ ልጅሽ ብዙ የሚናገረው ነገር አለው" ብላ ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ብቻውን የሚኖር ሰው ጆሮው ሰፊ ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 12

ዛሬ ልቤን የነካ ነገር ሰማሁ። ናርዲ እየሳቀች "ዳዲ አኖኒመስ እንዴት ነው የሚጻፈው ብሎ ጠየቀኝ፣ ስምን ሳይናገሩ ማለት ነው" አለችኝ።

"ለምን ፈለገው?"

"ለቸርች ነው አለ።"

አያችሁ፣ ባሌ ስሙን ደብቆ ሊሰጥ ነው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይል የለ መጽሐፉ። እኔ ደግሞ ለአራት ሳምንት ቁጡ ሆነሃል እያልኩ ስነዘንዘው ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ዶሮዎቹን ወደ ወዲያኛው ጥግ አዛወርኩለት።

ለውጥ የለውም። ሙሽሪት ድምፁን ያበዛል እንጂ አያጎድልም።

ሰኞ፣ ኦገስት 23

ከከተማው ደብዳቤ መጣ። 

ከሜልቦክስ አውጥቼ ወደ ኪችን ስገባ ግርማቸው ቆሞ ነበር።

"ሁለት ሳምንት ይሰጣሉ፣ አትደንግጪ" አለኝ።

"ገና አልከፈትኩትም እኮ።"

"ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።"

ከፈትኩት፣ እውነትም ሁለት ሳምንት ነው። አገሩን የሚያውቅ ባል መኖሩ አንድ ነገር ነው። ናርዲ አነበበችልኝ። የአውራ ዶሮ ድምፅ አቤቱታ ደርሶናል፤ ሴፕቴምበር 7 ሰው መጥቶ ያያል፤ አውራው ያን ቀን ከተገኘ ፐርሚቱ ይሰረዛል፣ ሌሎቹም ዶሮዎች ይወጣሉ።

ሌሎቹም። ከአምስቱ የዘገየችው ገብስማዬ ገና ባለፈው ሳምንት ነው የመጀመሪያ እንቁላሏን የጣለችው። እነሱ ከሄዱ እኔ ጠዋት ለምን እነሳለሁ?

አቤት ያለው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። መጻፍም አያስፈልገውም። ብዙ የሚናገረው ነገር አለው ያለችው ማን ነበረች? ሚስ ዋንዳ ከእንግዲህ የኔን እንቁላል አትቀምስም።

ግርማቸው ከሰዓት በኋላ ሳልጠይቀው የዶሮ ቤቱን ጠረገ። አንድ ትልቅ ከረጢት መኖም ገዝቶ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። በአምስት ወር አድርጎት አያውቅም። ሰው በመከራ ጊዜ ነው የሚታወቀው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 25

የግሩፑ ፍርድ አንድ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ይታረድ። ለማን ይሰጣል? ሁላችንም ከተማ ውስጥ ነን፣ አውራ የሚቀበል የለም። ሮማነወርቅ "ሥጋው ለስላሳ ይሆናል፣ ሴት ሆኖ ስላደገ" ብላ ጻፈች። አልመለስኩላትም።

ማታ የዙም ጸሎት ነበረን። ጋሼ ተፈሪ እየመሩ ሳለ ሚዩት ማድረግ ረስቼ ሙሽሪት በመስኮቱ በኩል ጮኸ። የሰው ሁሉ ትንሽ ፊት ስክሪኑ ላይ ቀና አለ።

ጋሼ ተፈሪ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ከመካከላችን የካደ ካለ ጊዜው ሳያልፍ ንስሐ ይግባ" አሉ።

ሁሉም ሳቀ። ግርማቸው ሳል ያዘውና ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ፤ እስከ አሜን ድረስ አልተመለሰም። ያ ዌርሃውስ አቧራው ደረቱን እየጎዳው ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 28

ግርማቸው ዛሬ ሊያርድ ነበር።

ባጨኝ ዘመን "እንኳን ዶሮ፣ በሬ ጥያለሁ" ብሎኛል። ሃያ አራት ዓመት በዚህ ነገር ታምኜ ኖሬያለሁ። እዚህ አገር ዶሮ የምንገዛው ሞርስ ሮድ ከሀበሻ ሱቅ፣ ብልቱ ወጥቶ ታጥቦ ስለሆነ የመፈተኛ ቀን አልነበረውም።

ቢላውን ሳልኩለት። መጀመሪያ ውሃ ይፍላ አለ፣ ፈላ። ገመድ አለ፣ አመጣሁ። ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ አለና ወንበር ይዞ ጥላው ሥር ገባ። ሙሽሪትን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አንገቱን በእጁ አሸት አደረገው፣ ቦታውን ለማግኘት ነው አለኝ። እኔ ፊቴን አዙሬ ኪችን ገባሁ፣ አላይም። ናርዲ ክፍሏን ቆልፋ ሙዚቃ ከፍታለች።

ግማሽ ሰዓት ምንም ድምፅ የለም። ወጥቼ አየሁ።

ሁለቱም ተኝተዋል። ሙሽሪት አንገቱን በግርማቸው ብብት ውስጥ ቀብሮ፣ ግርማቸው አፉን ከፍቶ። ቢላው ሳሩ ላይ ወድቋል።

ስነካው ባነነ።

"እንዴት ሆነ?" አልኩት።

"ተኛ እኮ" አለኝ ቀስ ብሎ። "የተኛ ነገር ይታረዳል?"

"ቀስቅሰዋ።"

"አሁን ወገቤን ይዞኛል። ሲነቃ ጥሪኝ" ብሎ ገብቶ አልጋው ላይ ተኛ።

ለአገር ሰላም ብዬ ሙሽሪትን ወደ ቆጡ መለስኩት። ደስ ብሎኝ አይደለም።

እሑድ፣ ኦገስት 29

ከአምልኮ በኋላ ጋሼ ተፈሪን ፓርኪንግ ላይ ያዝኳቸው። በወጣትነታቸው ለሙሉ ሰፈር ሲያርዱ እንደነበር ራሳቸው ነግረውናል።

"ጋሼ፣ አንድ ዶሮ ነው። አምስት ደቂቃ።"

"ላቀችዬ፣ በደስታ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ነኝ። ዶክተሩ ደም አትይ ብሎኛል።"

"ጋሼ፣ የደም ግፊት በማየት ነው እንዴ የሚጨምረው?"

"የኔ ዓይነቱ እንደዚያ ነው" አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ሮማነወርቅን ባልሽን ላኪልኝ አልኳት። "እሱ ባለፈው የታረደ ዶሮ ሲታጠብ አይቶ ነው የወደቀው" አለችኝ። እንግዲህ የኮሎምበስ ወንዶች እነዚህ ናቸው።

ናርዲ ማታ መጣችና "ለምን አንቺ ራስሽ አታርጂውም?" አለችኝ። ሥጋ የማትበላ ልጅ ናት ይህን የምትጠይቀኝ።

"ሴት አታርድም።"

"ማን አለ?"

"ማንም አላለም። አታርድም።"

"መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ?"

"ሁሉ ነገር እዚያ ይጻፋል? ቀይ መብራት ላይ ቁሚ የሚል አለ እዚያ ላይ?"

"ማሚ፣ ይህ ሴትን መናቅ ነው" ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ መናቅ ይሁን ሌላ አላውቅም። እጄ እምቢ ይላል። እናቴም እጇ እምቢ ይላት ነበር፤ አምስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች፣ ሌባ በዱላ ያባረረች ሴት፣ የዶሮ ነገር ሲሆን በር ላይ ወጥታ ወንድ ትጠብቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 2

አምስት ቀን ቀረ። ሚስ ዋንዳ ከአጥሩ ወዲያ እጇን አወዛወዘችልኝ። እንዳላየ ሰው ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ደስ አላለኝም። ግን እሷ ናት የጀመረችው።

ግርማቸው ዛሬ ለሙሽሪት ከራሱ ምሳ ሩዝ አስተርፎ ሰጠው። "የፍርድ እስረኛ ነው፣ ይብላ" አለ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 4

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም አልናገርም። ለደብተሩ ብቻ።

እናቴ ታደርግ የነበረውን አደረግሁ። አገር ቤት ወንድ የሌለበት ቤት አውራውንና ቢላውን ለልጅ ያስይዝና በር ላይ ያቆማል። የመጀመሪያው አላፊ ወንድ፣ ሰውየውን እወቂውም አትወቂውም፣ "አባባ፣ ይረዱልን" ይባላል። ያርዳል፣ ቢላውን ጠርጎ ይመልሳል፣ መንገዱን ይሄዳል። ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ።

መንገዳችን ላይ ሀበሻ ያልፋል፤ ሁለት ብሎክ ወርዶ ያለው አፓርትመንት ግማሹ የኛ ሰው ነው። እና ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሙሽሪትን በብብቴ፣ ቢላውን በእጄ ይዤ ሜልቦክሱ አጠገብ ቆምኩ።

መጀመሪያ የመጣው የሚሮጥ ፈረንጅ ነው። ከሩቅ አየኝ፣ መንገድ ተሻገረ፣ ከዚያም ፍጥነቱን ጨመረ። ቀጥሎ ፖስተኛው። የኛን ደብዳቤ የጎረቤት ሳር ላይ በጥንቃቄ አስቀምጦ ወደ መኪናው የኋሊት ሄደ። ከዚያ ጠይም ወጣት መጣ፣ ደስ አለኝ።

"ወንድሜ፣ ሀበሻ ነህ አይደል? ጌታ ይባርክህ፣ ይህን እረድልኝ" አልኩት ቢላውን በእጀታው በኩል ዘርግቼ።

ሀበሻ አልነበረም። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ዋሌት የለኝም አለኝ።

እያስረዳሁት ሳለ ሚስ ዋንዳ በከዘራዋ እየተመረኮዘች መጣች። ልጁን "ሂድ፣ ሂድ፣ ሰላማዊ ሴት ናት" ብላ አሰናበተችው። ከዚያ ቢላውን አየች፣ ሙሽሪትን አየች፣ እኔን አየች።

"የኔ ማር፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ።

ይህን ጊዜ አሮጊቴ ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውም እንደዚያ ነበር የሚጠሩኝ። እንባዬ መጣ። እንባ ሲመጣ ደግሞ አፌ አብሮ ይከፈታል።

"ደህና አይደለሁም። ለከተማው አንቺ ነሽ የከሰስሽኝ" አልኳት።

"እኔ?"

"ብዙ የሚናገረው ነገር አለው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

እንባዋ ወረደ። የተናገረችውን ሁሉ አልያዝኩም፤ የያዝኩት ይህን ነው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ መንገድ ከሦስት ሰዓት በፊት የሚነሳ ሰው የለም። ሙሽሪት ሲጮህ ቡናዋን ትጥዳለች፣ እስከ ሁለተኛው ጩኸት ይፈላል። ከዚያ "ሰላምታ ያቆምሽብኝ ጊዜ ምን በደልኳት እያልኩ ነበር" አለችኝ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቢላውን ከኋላዬ ደበቅኩት።

"ለመሆኑ ቢላው ምን ልታደርጊበት ነው?" አለች።

ነገርኳት። እኔ ሴት ስለሆንኩ እንደማላርድ፣ ወንድ እየጠበቅሁ እንደሆነ፣ ወንዶቹ ሁሉ እንደታመሙ።

"አምጪው እኔ ላርድልሽ፣ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አርጃለሁ" አለችና እጇን ዘረጋች።

ሙሽሪትን ወደ ደረቴ አጥብቄ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። "አይ፣ ተይው፣ ሴት አታርድም" አልኩ።

"ማን አለ?" አለችኝ።

ከናርዲ ጋር ተማክረው መሰለኝ።

አየችኝ፣ ሙሽሪትን ያቀፍኩበትን እጄንም አየች። "እንዲታረድ አትፈልጊም፣ አይደል?" አለች። የምትለው አልገባኝም አልኳት። ሳቀች። ወንድሟ ወደ ደቡብ፣ ተራራማው ኦሃዮ ውስጥ እርሻ አለው። አውራውን በክረምት ቀበሮ በልቶበት ሌላ ይፈልጋል። ሰኞ ሌበር ዴይ ሊጠይቃት ይመጣል።

አንድ ደርዘን እንቁላል ወሰድኩላት። ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 6

ወንድምየው በትልቅ ፒክአፕ መጣ። ሙሽሪትን ግርማቸው ነው ይዞት የወጣው፣ በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ። ያንን ጋቢ እኔ እንኳ ስለብሰው ይነጫነጫል።

"ቀበሮው አሁንም አለ?" ብሎ ጠየቀው ሰውየውን።

የለም አለው።

"አጥሩ ቁመቱ ስንት ፊት ነው?"

ነገረው።

"ቀስ ብለህ ንዳ" አለ በመጨረሻ።

መኪናው ከጠፋ በኋላ ድራይቭዌዩ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ቀረ። "እንግዲህ ትተኛለህ" አልኩት። "እንግዲህ" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7

ተረፍን። አምስቱም እዚህ ናቸው።

የከተማው ሰው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ቆጡን አየ፣ ውሃውን አየ፣ አምስቱን ቆጠረ። "አውራው የታለ?" አለ። እርሻ ሄደ አልነው። ፎቶ አሳየነው፤ በግርማቸው ስልክ ውስጥ አስራ ሁለት ፎቶ አለ፣ ማን እንዳነሳው አላውቅም። ሰውየው ጥሩ ብሎ ፎርሙን ሞላ። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ጠየቀ። ግርማቸው ፊቱን ወደ ቆጡ አዞረ።

"ቁጥርህን ስጠው እንጂ" አልኩት።

ሰጠው፣ በጣም በቀስታ። ልጁ ቁጥሩን ከያዘው ሌላ ወረቀት ጋር አስተያየ። ግርማቸውን አየው። እኔን አየኝ። "ኦ" አለ። ከዚያ ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ ፎርሙን ዘጋና መልካም ቀን ብሎን ሄደ።

ለምን "ኦ" እንዳለ ግርማቸውን ጠየቅኩት። እነሱ እንዲሁ ይላሉ አለኝ። ከዚያ መኪናውን ማጠብ ጀመረ። ትናንት የታጠበ መኪና ነው።

ከእራት በኋላ ዕቃ ሳጥብ አንድ ቃል መጣብኝ። አኖኒመስ።

የቸርች ሒሳብ ያዡን ደውዬ ልጠይቃት አሰብኩ፣ በኦገስት ስሙን ሳይጽፍ የሰጠ ሰው አለ ወይ ብዬ። ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ይሰጣሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።

ሚስ ዋንዳን መንገድ መሀል አስለቀስኳት እኮ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። እንግዶቼ ጋሼ ተፈሪ፣ ሮማነወርቅና ሚስ ዋንዳ ናቸው። ዶሮውን ከሞርስ ሮድ ገዛሁ፣ ማን እንዳረደው አልጠየቅሁም።

ሮማነወርቅ ካርቶን ይዛ መጣች። "የሙሽሪት ምትክ ናት። የተረጋገጠች ሴት" አለች። ውስጡን አየሁ፤ እግሩ የኔን ጣት ያህላል፣ አውራ ነው። ወደ መኪናዋ መለስኩላት።

ናርዲ ሽሮዋን ይዛ ከሚስ ዋንዳ አጠገብ ተቀመጠች። ወጡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በቤታችን ፈረሰኛዋ የማን እንደሆነች ይታወቃል፤ ሃያ አራት ዓመት የግርማቸው ናት። ማንኪያዬ ላይ አወጣኋት፣ ሁሉም ያያል። ከዚያ በግርማቸው ሳህን በላይ አሳልፌ ሚስ ዋንዳ ፊት አስቀመጥኳት።

ለግርማቸው ክንፍ ሰጠሁት።

ሁሉም ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ሚስ ዋንዳ ብቻ "በጣም ጣፋጭ ነው" እያለች ትበላለች።

"ላቀችዬ፣ ፈረሰኛው መንገድ ሳተ እንዴ?" አሉ ጋሼ ተፈሪ።

"አልሳተም፣ ጋሼ" አልኩ።

ግርማቸው ክንፉን አየ። እኔን አየ። ጆሮው ሥር ላብ ወጣበት።

"እንግዳ ይቅደም" አለ በትንሽ ድምፅ። ከዚያ ተነስቶ የሚስ ዋንዳን ብርጭቆ ሞላላት፣ እንቁላልም ጨመረላት፣ ስትሄድም ክንዷን ይዞ እስከ በሯ ሸኛት። እዚያ ቆሞ ብዙ አወራት። ምን እንዳላት አልጠየቅሁም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ በርበሬው ነው አለኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 15

ኤጀንሲው ደወለ፤ አነሳሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እዚሁ ዋይትሆል፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዶሮ ይወዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ያ ፋይሉ ላይ የለም አለችኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 20

ዛሬ ሥራ የምጀምርበት ቀን ነው፣ እየተቻኮልኩ ነው፣ ግን ይህ ይጻፍ።

ግርማቸው ገብቶ ከተጋደመ አምስት ደቂቃ አልሆነውም። እኔ መስታወት ፊት ሻሼን አስራለሁ። ከጓሮ ድምፅ መጣ። አጥንት የተሰነቀረበት ሰው የሚያሰማው ዓይነት።

በመስኮት አየሁ። ገብስማ ናት። እንቁላል የምትጥለው፣ ምንም ጥርጥር የሌለባት፣ የኔ ገብስማ። ባልዲው አፍ ላይ ቆማ፣ ደረቷን ነፍታ። አንገቷን መዘዘችና ደገመችው።

አውራ ከመንጋ ሲወጣ አንዳንዴ ሴቷ ቦታውን ትይዛለች ሲባል ሰምቻለሁ። ጥሩ ምልክት አይደለም የሚሉም አሉ። ደብዳቤው ግን አውራ አይቻልም ነው የሚለው። ሴት አትጩህ የሚል የለበትም።

ከአጥሩ ወዲያ የሚስ ዋንዳ የኪችን መብራት በራ።

ዞር ስል ግርማቸው አንድ ዓይኑን ገልጧል። እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ ኮመዲኖው ላይ ይዳብሳል።

"ስልክህ እኔ ጋ ነው" አልኩት።

እጁ ባለበት ቆመ።

"ሰዓት ልይ ብዬ ነው" አለ።

"ሰዓቱን ነገረችህ እኮ።"